አንዴ የወረደው ለሁሉም ይዳረስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ፣ ከአቶቴ ሰፈር ነው። ጋዜጣችሁን ማንበብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ደብዳቤ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ብዕር ያስነሳኝ በቅርቡ በአንባቢያን ገጽ ላይ የወጣ አስተያየት ነው። ጸሐፊው «ወጣቶቻችን ሌላው የሠራውን ሶፍትዌር ሲጠቀሙ እንጂ ራሳቸው ሲሠሩ አናይም፤ ትዕግሥት የላቸውም» ብለዋል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎኔ ውስጥ ከስድስት ወጣቶች ጋር ሶፍትዌር መሥራት ስንለማመድ ነው የምውለው። ስለዚህ ይህን ነገር አንብቤ ዝም ልል አልቻልኩም። ልጆቹን የሚያስቆማቸው ትዕግሥት ማጣት ሳይሆን መሥሪያውን ከኢንተርኔት የማውረድ ጣጣ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁና የዝግጅት ክፍሉ ቦታ ሰጥቶኝ ላስረዳ።

የዳታቤዝ (መረጃ በኮምፒዩተር ተደራጅቶ የሚቀመጥበት መዝገብ) ሠራተኛ ነኝ፤ በሙያው አሥራ አራት ዓመት ቆይቻለሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ የጤና ተቋም ስሠራ የደረሰው ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። የተቋሙ መረጃ የተቀመጠበት ኮምፒዩተር (ሰርቨር) አንድ ብቻ ነበር። ክረምት ነው፤ መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን የሚያቆየው የዩፒኤስ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል። መብራቱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ሰርቨሩ ተነሳ፤ ዲስኩ ግን አልተነሳም። ባካፑ (መጠባበቂያ ቅጂው) የት ነው ተባለ። ባካፑ እዚያው ዲስክ ላይ ነበር።

ያኔ የምንጠቀምበት ፖስትግሬስ መብራት ጠፋ ተብሎ በቀላሉ የሚበላሽ ዳታቤዝ አይደለም። ማንኛውንም ለውጥ ዋናው ፋይል ላይ ከማስፈሩ በፊት ለብቻው በተያዘ መዝገብ ይጽፈዋል፤ ሥራው በድንገት ቢቋረጥ ሲነሳ ያንን መዝገብ አንብቦ የጎደለውን ያሟላል። ዲስኩ ራሱ ሲሞት ግን መዝገቡም አብሮ ይሞታል። ካርድ ክፍል ያሉ እህቶች ለሦስት ሳምንት ከወረቀት እያነበቡ እንደ አዲስ አስገቡ። አንዲት ነፍሰ ጡር የደም ምርመራዋን ውጤት ፍለጋ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ፣ በአራተኛው ቀን ክንዷን ዘርግታ እንደገና ደም ስትሰጥ በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ምንም አላለችኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ «አንዱ ቢወድቅ ሌላው ቦታውን የሚይዝበት መንገድ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከእኔ ጋር ነው።

መንገዱ አለ። አንባቢ ሁሉ በኮምፒዩተር ሙያ ውስጥ ስላልሆነ በአጭሩ ላስረዳ። ኮንቴይነር ማለት አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር አሽጎ በየትኛውም ኮምፒዩተር ላይ እንዲነሳ የሚያደርግ ዘዴ ነው፤ ዶከር የተባለው የኮንቴይነር መሣሪያ በ2013 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ተስፋፋ። በዓመቱ ጉግል ኩበርኔቲስን ይፋ አደረገ። ስሙ ግሪክኛ ሆኖ የመርከብ መሪ የሚይዝ ሰው ማለት ነው፤ ሥራውም ብዙ ሰርቨሮችን አንድ ላይ አያይዞ ኮንቴይነሮቹን በየቦታቸው መምራት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኮርኦኤስ የተባለ ኩባንያ «ኦፐሬተር» የሚለውን ሐሳብ አመጣ። ለልጆቹ ኦፐሬተርን ያስረዳሁት በእድራችን ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው መዝገቡን ከፍቶ ስም ይጠራል፤ የቀረ ካለ ሰው ልኮ ያስጠይቃል። ለኦፐሬተሩም «ሦስት ዳታቤዝ ይኑር፤ አንዱ ዋና፣ ሁለቱ ግልባጭ ይሁኑ» ተብሎ ይጻፍለታል። ቆጥሮ ሁለት ካገኘ ሦስተኛውን ያስነሳል። የጠፋው ዋናው ከሆነ ከግልባጮቹ አንዱን ዋና አድርጎ ይሾማል። የእድር ጸሐፊ በወር አንዴ ስም ይጠራል፤ ይሄኛው ቀንም ሌሊትም አያቋርጥም።

ኮዱ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ክፍል «ሪኮንሳይል» ይባላል። አንዷ ልጅ በአማርኛ ምን እንበለው ብላ ጠየቀችኝ። የሂሳብ ሠራተኞች የባንክ ሂሳብን ከራሳቸው መዝገብ ጋር ሲያገናዝቡ «ማስታረቅ» ይሉታል፤ እኛም በዚሁ ተስማማን። በጻፍኩላቸው የአሥራ አንድ ገጽ መመሪያ ላይም «አስታራቂው» እያልኩ ነው የምጠራው።

እኛ የያዝነው፣ የፖስትግሬስ ዳታቤዞችን የሚጠብቀው ኦፐሬተር ክላውድኔቲቭፒጂ ይባላል። ኮዱ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው። ያነበበ ሰው ስህተት ካገኘ አርሞ መልሶ መላክ ይችላል። ከየት እንደሆነ ማንም አይጠይቀውም፤ የሚጠበቅበት በእያንዳንዱ ለውጥ ግርጌ ስሙን አስፍሮ ሥራውን ለመላክ መብት እንዳለው ማረጋገጥ ነው። ከሐዋሳ ተነስቶ ዓለም በሚጠቀምበት ዳታቤዝ ላይ እጁን ማሳረፍ የሚችል ልጅ አለ ማለት ነው። አስተያየት ሰጪው «ሲሠሩ አናይም» ያሉት በትክክል ይህንን ነው፤ እኔም እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ኮዱን ለመነካካት መጀመሪያ ላፕቶፑ ላይ የሥራ ቦታውን ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ኦፐሬተሩ የተጻፈው «ጎ» በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ስለሆነ ጎ ይጫናል። ዶከር ይጫናል። ትእዛዝ መስጫው ኩብሲቲኤል፣ ኮዱን የሚገነባው ሜክ፣ ሌሎችም ትንንሽ መሣሪያዎች አሉ። ከሁሉም የምወደው ካይንድ የሚባለውን ነው። ኩበርኔቲስን ሙሉውን አንድ ላፕቶፕ ውስጥ ያስነሳል፤ እያንዳንዱ ሰርቨር መስሎ የሚታየው ነገር ራሱ የዶከር ኮንቴይነር ነው። አራት ሰርቨር መግዛት ለማይችል ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ በሙያው ያለ ሰው ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ግን ከውጭ የሚወርድ ነው። የካይንድ ኢሜጅ፣ ማለትም ኮንቴይነሩ የሚነሳበት የታሸገ ፋይል፣ ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ነው። በላዩ ላይ የፖስትግሬስ ኢሜጅ፣ የኦፐሬተሩ ኢሜጅ፣ ኮዱ የሚደገፍባቸው የጎ ፓኬጆች አሉ። ዶከር ኢሜጁን የሚያወርደው በንብርብር ነው፤ አንዱ ንብርብር ካለቀ አለቀ፣ ሥራው መሀል ላይ ከቆመ ግን ያ ንብርብር ከዜሮ ይጀምራል። ትልቁ ንብርብር ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መብራት ይሄዳል፤ የላፕቶፑ ባትሪ ካረጀ እሱም አብሮ ይጠፋል። ከአለታ ወንዶ የመጣ አንድ ልጅ አለኝ፤ አሮጌ ላፕቶፕ ከአጎቱ ተቀብሎ ነው የሚሠራበት። አንዱን ንብርብር ሰባት ጊዜ ከዜሮ ጀምሯል፤ አጠገቡ ተቀምጬ ቆጥሬለታለሁ። የወር ፓኬጁ በሁለት ቀን አለቀ። በሳምንቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ፣ ኔትወርኩ ቀለል በሚልበት ሰዓት ጨረሰው። ትዕግሥት የለውም የተባለው ይህ ልጅ ነው።

ሌላም ነገር ገጠመን። አንድ ቀን ስድስቱም በእኔ ዋይፋይ ላይ ሆነው ሲያወርዱ «ጥያቄ በዛ» የሚል ኤረር መጣ። መጀመሪያ ኢንተርኔቱ ነው ብለን ራውተሩን አጥፍተን አበራን። ነገሩ ሌላ ነበር። ኢሜጆቹ የሚወርዱበት ዶከር ሀብ የተባለው ድረ ገጽ ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሳይመዘገቡ በሚያወርዱ ሰዎች ላይ ገደብ አድርጓል፤ ሲጀምር በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በስድስት ሰዓት ውስጥ 100 ጊዜ ብቻ ብሎ ነበር። ብቻውን ለሚያወርድ ሰው ይህ አይሰማውም። አንድ ግቢ ያሉ ኮምፒዩተሮች ግን ወደ ውጭ የሚታዩት በአንድ አድራሻ ስለሆነ የአንዱ ማውረድ ከሌላው ላይ ይቆጠራል። ያ ቀን እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አካውንት ከፍተው ሲገቡ ተፈታ። ይህን የሚነግረው ሰው ያጣ ልጅ ግን ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል፤ ላፕቶፑን ዘግቶ ይሄዳል፣ ተመልሶም አይመጣም።

አንድ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ሁሉም ነገር ወርዶ ክላስተሩ (አንድ ላይ የተያያዙት ዳታቤዞች) ተነሳ ብለን ደስ ሲለን ሦስተኛው ፖድ፣ ማለትም ከሦስቱ ዳታቤዞች አንዱ የሚሠራበት ኮንቴይነር፣ ጸንቶ አልቆም አለ። ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይወድቃል። ሎጉ (ፕሮግራሙ የሆነውን የሚመዘግብበት ጽሑፍ) «የተከፈተው ፋይል በዛ» ይላል። ልጆቹ የከፈቱትን ሁሉ መዝጋት ጀመሩ፤ ብራውዘሩን፣ ሙዚቃውን። እናቴ ቡና አቀራርባ እየጠበቀችን ነበር፤ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ በረካው አለፈ፣ እኛ ከተርሚናሉ አልተነሳንም። በኋላ ስናጣራ ላፕቶፖቹ የሚሠሩበት ኡቡንቱ የተባለው ሲስተም ለአንድ ተጠቃሚ የሚፈቅደው የፋይል መከታተያ ቁጥር ለካይንድ የሚያንስ ሆኖ ተገኘ። መፍትሔው ሁለት መስመር ነው። አይኖቲፋይ የሚባለውን የመከታተያ ጣሪያ 524288፣ የኢንስታንሱን ቁጥር 512 ማድረግ፣ አለቀ። ሁለት መስመር ሦስት ሰዓት በላችብን። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች መመሪያዬ ሁለተኛው ገጽ ላይ በትልቁ ጽፌያቸዋለሁ፤ ካሁን በኋላ በዚህ ከተማ ማንም ልጅ በእነሱ ምክንያት ማታውን እንዲያጣ አልፈልግም። 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ላይ ብዙ ሰርቨር ማስነሳትም አያስፈልግም፤ ለመማር አንድ መሪና አንድ ሠራተኛ ሰርቨር ይበቃል።

ሲሳካ ምን እንደሚመስል ደግሞ ልንገራችሁ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ችግሩ ብቻ እንዳይመስልብኝ።

ሰባተኛው ቅዳሜ ነበር። እኛው የፈጠርናቸውን 1,000 የበሽተኛ ስሞች ዳታቤዙ ውስጥ አስገባን። ሦስቱም ፖዶች ተነስተው እየሠሩ ነው። የአለታ ወንዶውን ልጅ «ዋናውን ፖድ አጥፋው» አልኩት። ጣቱ ቁልፉ ላይ ቆመ። «ቲቸር፣ ዳታው ቢጠፋስ?» አለኝ። አጥፋው አልኩት። ትእዛዙን ጻፈና አጠፋው። ሁላችንም ስክሪኑ ላይ ተደፋን። ከዝርዝሩ ላይ አንዱ ስም ጠፋ። ጥቂት ሰከንድ አለፈ፤ ግልባጭ የነበረው ሁለተኛው ዋና ሆነ። ጥቂት ቆይቶ የጠፋው ግልባጭ ሆኖ ተመልሶ ተሰለፈ። ልጁ ምንም ሳይናገር ስሞቹን ቁጠር የሚለውን ትእዛዝ ጻፈ። 1,000። ደግሞ ቆጠረ። 1,000። በዚያች ቅጽበት ክንዷን የዘረጋችው ሴት ትዝ አለችኝ፤ ወደ ጓዳ ገባሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ ከኦፐሬተሩ ኮድ ላይ ሎግ የሚጽፈውን አንድ መስመር አገኘና ዋናው ሲቀየር የሚታየው መልእክት ላይ «ኬሬ» የሚል ጨመረበት፤ በሲዳምኛ ሰላም ማለት ነው። ኮዱን ገንብቶ፣ ኢሜጁን ካይንድ ውስጥ ጭኖ፣ ዋናውን ፖድ አጠፋ። ሎጉ እየወረደ መጣና «ኬሬ» አለ። ያቺ መስመር ከእሱ ላፕቶፕ አትወጣም፤ ለሙከራ ናት። ግን ከዚያ በኋላ የሰው ኮድ ነው ብሎ የሚፈራው ነገር የለም። አሁን የቴስቶቹን ፋይል እያነበበ ነው።

እዚህ ለመድረስ ሰባት ሳምንት ፈጀብን። ከዚያ ውስጥ አምስቱን የበላው ዳውንሎድ ነው። ስለዚህ የጋዜጣው አንባቢ የሆናችሁ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ኃላፊዎች ይህችን ጥያቄዬን እንድትሰሙኝ እለምናለሁ፤ በየግቢያችሁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ የጋራ ማከማቻ ኮምፒዩተር አዘጋጁ። አንዴ የወረደ ኢሜጅና ፓኬጅ እዚያ ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ልጅ ከግቢው ውስጥ ይውሰደው።

ይህ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ላብራቶሪ ውስጥ አቧራ የጠጣ ዴስክቶፕና አንድ 1 ቴራ ዲስክ ይበቃል። ኢሜጆችን የሚያከማቸው የዶከር ሬጂስትሪ ራሱ ነጻ ነው፤ በአንድ ኮንቴይነር ይነሳል። አንድ ሰው የጠየቀውን ኢሜጅ ከውጭ አምጥቶ እንዲያስቀምጥና ለሚቀጥለው ከራሱ እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል። ለጎ ፓኬጆች አቴንስ የሚባል እንዲሁ ነጻ የሆነ ማከማቻ አለ። አዲስ ነገር የሚወርደው ሌሊት ኔትወርኩ ቀለል ሲል ይሁን። ዩኒቨርሲቲዎችን እርስ በርስ የሚያያይዝ የኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ አለን፤ አንዱ ግቢ ያወረደውን ሌላው በዚያ መስመር ቢወስድ ያው ፋይል ከውጭ ደጋግሞ መምጣቱ ይቀራል።

ይህን ሐሳብ ለአንድ ተቋም የላብ ኃላፊ ባለፈው ዓመት አቅርቤ ነበር። «ከውጭ የመጣ ኮድ ኮፒ እየተደረገ ቢሰራጭ ቫይረስ አይገባም ወይ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ መልሱን በወጉ ሳላስረዳቸው በመቅረቴ እስካሁን ይቆጨኛል። መልሱ ይህ ነው። ኮዱ ውስጥ «ጎ.ሰም» የሚባል ፋይል አለ፤ የእያንዳንዱ ፓኬጅ የጣት አሻራ ተመዝግቦበታል። ፓኬጁ ከኢንተርኔት መጣ፣ ከፍላሽ መጣ፣ ከጎረቤት መጣ፣ ጎ አሻራውን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። አንዲት ፊደል ብትለወጥ አልገነባም ብሎ ይቆማል። የዶከር ኢሜጅም በአሻራው ሊጠራ ይችላል፤ አሻራው ካልገጠመ አይወርድም። በጋራ ማከማቻ መጠቀም ማለት ጥንቃቄን መተው ማለት አይደለም።

አምስት ሚሊዮን ኮደሮች የተባለው የሥልጠና ፕሮግራም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ደስ ካላቸው ሰዎች አንዷ ነኝ። ከልጆቼ ሁለቱ ሥልጠናውን ወስደው ሰርተፊኬታቸውን አሳይተውኛል። ሰርተፊኬቱን ይዘው ሲመጡ የጠየቁኝ ግን «ቲቸር፣ አሁንስ ምን እንሥራ?» ብለው ነው። ክፍት ኮድ ላይ መሥራት አንዱ መልስ ነው፤ በሩ ላይ የቆመባቸው ደግሞ ይህ የማውረድ ጣጣ ነው። ሰው ስናሠለጥን መሥሪያውንም አብረን እናቅርብለት።

ተቋማቱ እስኪያስቡበት እኛ በአንድ ሀርድ ዲስክ እየተረዳዳን ነው። ኢሜጆቹን ዶከር ላይ በሴቭ ትእዛዝ ወደ ፋይል አውጥተን፣ የጎ ፓኬጆቹን ማከማቻ እንዳለ ገልብጠን፣ የመጫኛ ፋይሎቹንና መመሪያውን ጨምረን አስቀምጠናል። አዲስ ልጅ ሲመጣ ኢሜጆቹን በሎድ ትእዛዝ ያስገባል፤ ጎ ደግሞ ፓኬጆቹን ከኢንተርኔት ሳይሆን ከዲስኩ ፎልደር እንዲፈልግ የጎፕሮክሲን መቼት ወደዚያ ያዞራል። ባለፈው ወር ከይርጋለም የመጣች አንዲት ልጅ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ጀምራ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የራሷን ክላስተር አስነስታ ወጣች። አንድ ሜጋ ዳታ አላወጣችም። ሌሎቹ አምስት ሳምንት የከፈሉበትን እሷ በአንድ ከሰዓት ጨረሰች፤ ከመካከላቸው የቀናባት የለም፣ ቻርጀር ሲያቀብሏት፣ ትእዛዝ ሲያርሙላት ነው የዋሉት።

ማንኛውም ትምህርት ቤት፣ ኮሌጅ ወይም የወጣት ማዕከል ይህን ዲስክ መገልበጥ ከፈለገ በነጻ እሰጣለሁ፤ ሐዋሳ ውስጥ ከሆነ ራሴ ይዤ እመጣለሁ፣ ማከማቻውንም አብሬ አዘጋጃለሁ። አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ለብቻው ልኬያለሁና ለጠየቀ ሰው እንዲሰጥልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሻሸመኔም ዲላም ያላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ከመጣችሁ ቤቴ ክፍት ነው። ፍላሽ ይዛችሁ ስትመጡ ቢያንስ 64 ጊጋ ይሁን፤ አስቀድማችሁም በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት። ፋት32 ከሆነ 4 ጊጋ የሚሞላ ፋይል አይቀበልም፤ ከኢሜጆቹ አንደኛው ጥቅል ደግሞ ከዚያ ይበልጣል።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
የዳታቤዝ ባለሙያ
ከሐዋሳ፣ አቶቴ